ያሳጠርኳቸው ጣቶች

ሰኞ፣ ጥር 6

ኃይለኛ ነፋስ፤ ሰማዩ በአቧራ ደፍርሷል፤ ከሰዓት በኋላ ብርድ። በስፌት ክፍል የነበርነው፦ ዋናዋ፣ ሬዲዮ፣ ረጅሙ፣ ጉንዳንና እኔ።

በሥራ መዝገቡ ላይ ሁልጊዜ እንዲህ ብለን ስለምንጀምር እጄ ለምዶት ነው። ይኼኛው ግን የራሴ ነው፤ ማንም አይፈርምበትም።

ዛሬ የቤቱ ኃላፊ ዋናዋ ነገሩን አፍረጥርጣ ተናገረች። የጠፈር ልብሱ ንድፍ በየካቲት መጨረሻ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ አንዲት ስፌት መነካካት የለም። ማርስ ላይ ወርደው ከሚራመዱት ሰዎች አንዱ ከእኛ ቤት ይመረጣል። ወይ ረጅሙ ነው፣ ወይ ጉንዳን። ሁለቱ ልብሱን እየለበሱ አየሩ ወደተመጠጠበት ክፍል ይገባሉ (እኛ በርሜሉ እንለዋለን)፤ እዚያ ውስጥ ድንጋይ ያነሳሉ፣ ብሎን ያጠብቃሉ፣ የከረጢት አፍ ያስራሉ። በእጅ ሥራ የበለጠው ይሄዳል።

ጉንዳን የሟች እህቴ ልጅ ናት፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ ከራሷ የሚበልጥ ነገር ተሸክማ ስለምትዞር ስሙን ያወጣሁላትም እኔው ነኝ። እዚህ ቤት ይህን የማያውቅ የለም። ጨርቅ ቆራጩ ግን በየቀኑ እንደ አዲስ ዜና ያወራዋል፤ ሬዲዮ የተባለውም ለዚሁ ነው።

"እህትዬ፣" አለኝ፣ "ልጅሽ ከሄደች ቢያንስ ሦስት ዓመት የለችም አሉ። እስከዚያ ማን ሊጨቀጭቅሽ ነው?"

"አንተ አለህ አይደል?" አልኩት።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 9

የረጅሙን ጓንት ጨረስኩ። አሠራሩ ሲታይ ቀላል ይመስላል። የሰውየውን እጅ በጄሶ እንቀርጻለን፣ በጄሶው እጅ ላይ አየር የሚይዘው ላስቲክ ይሠራል፣ ከላዩ እኔ ጨርቁን እሰፋለሁ። በንድፉ መሠረት በእያንዳንዱ ጣት ጫፍ ላይ ትንሽ ባዶ ቦታ ይቀራል። ውስጡ አየር ሲሞላ ጓንቱ እንደ መኪና ጎማ ይወጠራልና፣ ጣት በታጠፈ ቁጥር ጥፍር ግድግዳውን እንዳይገጭ ነው። ይህችን ክፍተት እስክታገኝ ዋናዋ ስንት ጓንት አስፈትታኛለች። አንድ ክረምት ሙሉ በርሜሉ አጠገብ ቆማ የሰው ጥፍር ስታይ ከርማለች።

ረጅሙ ሞክሮት ሲወጣ፣ "ምን በደልኳችሁ? በትራስ ስፒል ልልቀም ነው እንዴ?" አለ።

ጉንዳን አልሳቀችም። የእሱን እጅ ነበር የምታየው።

ወደ ቤት ስንሄድ አውቶቡስ ውስጥ ጠጋ ብላ፣ "አክስቴ፣ የእኔን ጠበቅ አድርጊልኝ" አለችኝ። "ያ ክፍተት ይጥፋልኝ። ጣቴ ጨርቁን ካልነካ ምን እንደያዝኩ አላውቅም።"

"ንድፉ ላይ አለ እኮ።"

"ንድፉ የሁሉም ነው። እጁ የእኔ ነው።"

"ታዲያ ዋናዋን ጠይቂያት።"

"እሷማ እምቢ ትላለች።" ክንዴን አቀፈችው። "አንቺ ግን አትይኝም።"

ዓርብ፣ ጥር 10

አሳጠርኩት። አስሩንም። ፈትቼ ገባ አድርጌ ሰፋሁት። ከውጭ ለሚያየው ምንም አይለይም። መዝገብ ላይ አላሰፈርኩትም። ደስ ካላት ምናለበት።

ማክሰኞ፣ ጥር 14

ነፋሱ አልበረደም። በየመስኮቱ ጠርዝ አቧራ ተጋግሯል።

ዛሬ ጉንዳን በርሜሉ ውስጥ ተአምር ሠራች። ረጅሙ አሥር ጊዜ የጣላትን ትንሿን ብሎን እንደ ምስር ፍሬ ብድግ አድርጋ ከቦታዋ አገባቻት። በመስታወቱ የሚያዩት አጨበጨቡ። ዋናዋ ግን አላጨበጨበችም። ወደ እኔ ዞር ብላ፣ "ምን አድርገሽላት ነው?" አለችኝ።

"ያው ነው።"

"ያው?"

"የሰው እጅ ይለያያላ።"

እኔና ዋናዋ ዕድሜያችን አንድ ነው፤ ይህ ቤት ባዶ መጋዘን ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ አንቺ እንባባላለን። እኔ ትምህርት ቤት የጨረስኩ ሰው አይደለሁም። ማንበብ የለመድኩት ሱቅ ዕቃ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ስፌቱንም ሰው የጣለውን ልብስ እየፈታሁ። እሷ ናት "እጅሽን አምነዋለሁ" ብላ ያስገባችኝ። ስለዚህ ዛሬ ዓይኗን ማየት ትንሽ ከበደኝ። ግን ውሸት አልነበረም፤ የሰው እጅ በእርግጥ ይለያያል።

እሑድ፣ ጥር 19

ለጉንዳን አልጋ ገዛሁ። የድሮው ይንጫጫል፣ ፍራሹም ጎድጉዷል። ሰፋ ያለ ነው፣ ራስጌው መሳቢያ አለው። ከበር አላስገባ ብሎ ከጎረቤት ጋር ስንታገል ዋልን። ግድግዳውንም ቀለም አስቀባዋለሁ። ሰው የትም ይሂድ፣ የራሱ አልጋ ሊኖረው ይገባል።

ሰኞ፣ ጥር 20

ሩጫ። የጉልበቱ መታጠፊያ አሸዋ ገብቶበት ተጣበቀ። እንደገና መሸፈን። ሬዲዮ መቀሱን አጥቶ ቤቱን አተራመሰው፤ ኪሱ ውስጥ ነበር። ጉንዳን ጥፍሯን ቀይ ተቀብታ መጣች። በሕይወቷ ተቀብታ አታውቅም። ያምርብሻል አልኳት።

ቅዳሜ፣ ጥር 25

ዛሬ ቤት ነን። ሻይ ቀዳሁላት፤ ከእሳት የወረደ፣ ብርጭቆው ራሱ የሚፋጅ። እኔ በጨርቅ ይዤ ነው ያቀበልኳት። እሷ በባዶ እጇ ተቀብላ፣ ስለ ረጅሙ አካሄድ እያወራች፣ እያሳቀችኝ፣ ያዘችው። ብርጭቆውን ወደ አፏ ስታስጠጋ ብቻ ከንፈሯ ተቃጥሎ "ኧረ በስመአብ!" ብላ አስቀመጠችው።

ጣቶቿን አየሁ። ቀልተዋል። እሷ ግን ከንፈሯን ነው የምታሻሸው።

"እስቲ እጅሽን።"

"ምን ሆነ?"

"አምጪው አልኩሽ!"

ሰጠችኝ። ከቀይ ቀለሙ ሥር የሁለቱ ጣቶች ጥፍር ከሥጋው ተላቋል፤ በጥቁር ደም ላይ የተቀመጠ ክዳን ነው የሚመስለው። የሌሎቹም ጠርዛቸው ጠቁሯል።

"መቼ ነው?"

"ሥራው ነው አክስቴ። ይበቅላል።"

"ይሰማሻል? ይኼ ይሰማሻል?" ጫፉን ጨመቅኩት።

"አዎ፣ ይሰማኛል" አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

ጥፍሬን እስከ ሥሩ ነበር ያስገባሁባት።

ማክሰኞ፣ ጥር 28

የሐኪም ቀን። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሰማሁ።

"ቀለሙን ብታነሺው ጥሩ ነበር" አላት።

"ዶክተርዬ፣ ማርስ ላይም እኮ ሴት ነኝ።"

ሳቀ። ፈረመ። ስትወጣ ዓይናችን ተገጣጠመ፤ ጠቀሰችኝ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስኩ። ቀኑን ሙሉ ክሩ ሲበጠስብኝ ዋለ።

ሐሙስ፣ ጥር 30

ነገሩን ለማስተካከል መላ አስቤ ነበር። ጫፎቹን መልሼ እፈታቸዋለሁ፣ በንድፉ ልክ አረዝማቸዋለሁ፣ ጉንዳን ትንሽ ትለምደዋለች፣ ጣቶቿም ያርፋሉ። ማንም ሳያውቅ ይዘጋል። እራት ላይ ነገርኳት።

"ታዲያ ብሎኗን በምን ልያዛት?" አለች።

"ረጅሙ በሚይዝበት።"

"ረጅሙ እኮ አይዝም! እሱም እየጣለ፣ እኔም እየጣልኩ፤ ከዚያ በቁመት ሊመርጡን ነው?"

"ጣትሽን ልታጪ ነው፣ ልጄ።"

ሹካዋን አስቀመጠች። "አክስቴ፣ እውነቱን እንነጋገር። የፈራሽው ለጣቴ ነው ወይስ እንዳልሄድብሽ ነው?"

"ለጣትሽ ነው።"

"አልጋውስ? ሦስት ዓመት አቧራ ሊጠጣ ነው የገዛሽው?"

"የድሮው ይንጫጫል።"

"እሺ፣ ይንጫጫል።" ተነስታ ሳህኗን አጠበች። ውኃው ሲንፏፏ ቆየ። "ጓንቱን አንቺ ነሽ የሠራሽው" አለችኝ፣ ጀርባዋን ሰጥታ። "ከተናገርሽ የሁለታችንንም ነው የምትናገሪው።"

ማስፈራሪያ አልነበረም፤ ድምጿ እንደዚያ አይልም። እስካሁን ግን ያልተናገርኩት ለእሷ ብዬ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 4

ረጅሙ ዛሬ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። የልጅ አባት ነው፤ ቅን ሰው ነው። "እናቴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ" አለኝ። "ለጉንዳን እንዳደረግሽላት ለእኔም አድርጊልኝ። አየሁት፣ ጫፉ ላይ የሆነ ነገር አለ።"

"ለአንተ አይሆንም።"

"ለምን?"

"እጅህን ይጎዳዋል።"

"የእሷን አይጎዳም?"

መርፌዬ ላይ አቀረቀርኩ። ጥቂት ጠበቀኝና ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ። "ገባኝ" አለ። "ለልጅ ሲሆን ነው።" በቅሬታ ነው የሄደው። ምን እንደገባው እንጃ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

ብርድ። አልባሾች ሁሉ ተገኝተዋል።

በቤታችን ደንብ ጓንቱን የሰፋ ሰው ራሱ ነው የሚያጠልቀው። የእጅ አንጓውን ቀለበት ከመቆለፍ በፊት ለባሹ ዓይኑን ይጨፍናል፤ እኛ አንድ ጣት እንነካለን፣ እሱ የትኛው እንደሆነ ይናገራል። በልኩ ከመለሰ እጃችንን ወደ ላይ እናነሳለን። ጓንቱን የሰፋው ሰው እጅ ሳይነሳ የበርሜሉ በር አይዘጋም።

አውራ ጣቷን ነካሁ። "አውራ።" አመልካቿን። "አመልካች።" ቀጥሎ የመሃል ጣቷን ነካሁ። "የመሃል።" ከዚያ እጄ ያለ ሐሳቤ የመሃሏን ደገመ።

"የቀለበት" አለች።

ጠበቅኩ። አሁንም የመሃሏን ይዣለሁ።

"ትንሿ" አለች፣ ፈገግ ብላ፣ ዓይኗን እንደጨፈነች።

በተርታ ነበር የምትመልሰው። የምነካትን እየሰማች አይደለም። ከእኔ በቀር ማንም የትኛውን እንደያዝኩ አላየም። ዋናዋ በመስታወቱ ማዶ ወደ እኔ ታያለች፣ በረኛው መዝጊያውን ይዞ ይጠብቃል።

እጄን አነሳሁ።

ከበርሜሉ ወጥታ ጓንቱን ሳወልቅላት አንዱ ጥፍር ውስጥ ቀረ። ውስጥ የምትለብሰውን ስስ ጓንት ከነደሙ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት። ሐኪሙ ሲደርስ ሁለታችንም እንስቅ ነበር። ብሎኗን ዛሬም በአንድ ጊዜ ነው ያነሳቻት።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

ምንም አልጽፍም።

ሐሙስ፣ የካቲት 14

እንደምንም ልጻፈው።

ከሥራ ስንመለስ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ነበር። ጉንዳን በሩ አጠገብ ቆማ፣ እጇን የበሩ ጠርዝ ላይ አሳርፋ፣ ስለ መጨረሻው ሙከራ ታወራኛለች። በሩ ተዘጋ። እሷ ወሬዋን ቀጠለች። የጮኸችው ከኋላዋ የቆመች ሴትዮ ናት።

ጉንዳን ዞር ብላ፣ "ምን ሆኑ እናቴ?" አለቻት።

"እጅሽ! እጅሽ!"

ያኔ ነው ያየችው። ሁለቱ ጣቶቿ በሩ መሃል ናቸው። ሰው ሁሉ ሾፌሩ ላይ ጮኸ፣ በሩ ተከፈተ፣ ጣቶቿን አውጥታ እንደ ሰው ዕቃ አገላብጣ አየቻቸው። ከዚያ፣ ሰው ስላያት፣ "ኡ!" አለች። ዘግይታ። አንድ ጎረምሳ፣ "ይቺ ልጅ ከብረት ናት እንዴ!" ብሎ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

ቤት ስንደርስ አጠብኩላት፣ አሰርኩላት። አልተሰበረም። ንጹህ ሸሚዝ አልብሼ ቁልፉን እኔ ቆለፍኩላት። ለካ ሰሞኑን ቁልፍ የሌለው ሹራብ ብቻ ስትለብስ የከረመችው ለዚህ ነው። እኔ ብርዱ ነው ብዬ ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ አብሬያት እየኖርኩ።

"ሐኪም ቤት እንሂድ።"

"ከማክሰኞ በኋላ።"

"ማርስ ላይ በር ቢዘጋብሽስ? እዚያ ማን ይጮህልሻል?"

ፋሻዋን በጥርሷ ሳብ አድርጋ አጠበቀች። በፊት በነገር ነበር የምትረታኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 18

ነፋሱ ቆመ። ነገ የመጨረሻው ሙከራ ነው፤ ካለፈች ስሟ ነገውኑ ይነገራል።

ዛሬ በኮሪደሩ ሳልፍ ዋናዋ ለሐኪሙ፣ "ልጅቷ ከንድፋችን በላይ ናት፤ ለምን እንደሆነ ግን ሊገባኝ አልቻለም" ስትለው ሰማሁ። ደስታ አልነበረባትም። የሆነ ነገር አልጥም ያላት ሰው ድምፅ ነው። ቆም ብዬ በሩን ልገፋ ነበር። አልገፋሁም። ብዙ ሥራ ነበረኝ።

ማታ ጉንዳን አልጋዬ ጫፍ ላይ መጥታ ተቀመጠች። ልጅ ሳለች ሲያስፈራት እንደምትሆነው ሆነች፤ እግሯን ብርድ ልብሴ ሥር ሰደደች።

"ነገ ብቻ" አለችኝ። "ነገ እጅሽን አንሺልኝ። ከዚያ ወዲያ ምንም አልጠይቅሽም።"

"ከዚያ ወዲያማ የት አግኝተሽኝ ትጠይቂኛለሽ?"

"እሱን ነው የምልሽ።"

ጉዞው ገና ከዓመት በኋላ ነው፣ እስከዚያ ጣቴ ይድናል፣ ክፍተቱንም ያኔ ትመልሺዋለሽ አለችኝ። ንድፉ ከተዘጋ በኋላ ማን ያስነካኛል? እሷም ታውቀዋለች። አሳምራ ስላወራችው ግን ልቤ ለሁለት ተከፈለ።

ከሄደች በኋላ ተቀምጬ አሰብኩ። የማስበው ጣቶቿን ነው። ጣቶቿን ብቻ ነው። ደህና ቢሆኑ ኖሮ፣ አስሩም እንደ ድሮው ቢሆኑ፣ ነገ እጄን በደስታ አነሳ ነበር ወይ የሚለውን ግን እዚህ ላይ አልጽፈውም። የሚጠቅመው ነገር የለም።

መብራቱ በክፍሏ አሁንም በርቷል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 19

ጠዋት ያደረግኩትን በተርታ እጽፋለሁ።

ስነሳ ጉንዳን ወጥታለች። አልጋዋ ተነጥፏል። ፊቴን ታጠብኩ፣ ቁርስ አልቀመስኩም፣ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ያዝኩ።

ዋናዋ ቢሮ ገባሁ። ቆማ ዳቦ ትበላ ነበር። በሩን ዘጋሁና፣ "የጉንዳንን ጓንት ጣቶች አሳጥሬያቸዋለሁ" አልኳት። "ክፍተቱ የለም። ጥፍሮቿ ወልቀዋል፤ ጣቶቿ አይሰሟትም።"

ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው።"

"አንቺ እያለበስሻት?"

"እኔ እያለበስኳት።"

"እጅሽን እያነሳሽ?"

"አዎ።"

ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "ያ ክፍተት ለምን እንዳለ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም እኮ" አለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ቀጥላ፣ "የበሩን ካርድ እዚህ ተዪው" አለችኝ። ተውኩት። መቀሴንም አብሬ ተውኩት፤ እሱን አልጠየቀችኝም።

አብረን ወደ ማልበሻው ክፍል ሄድን። ጉንዳን እስከ ደረቷ ልብሱ ውስጥ ገብታለች። ረጅሙ ግድግዳውን ተደግፎ ተራውን ይጠብቃል። ሬዲዮ አንገትጌዋን እያስተካከለ ያወራ ነበር፤ ሲያየን ተወ። ጉንዳን መጀመሪያ ዋናዋን፣ ከዚያ እኔን አየች። ወዲያው ገባት።

"አክስቴ" አለች።

ሐኪሙ ተጠራ። ቀዩን ቀለም በአልኮል ጠረገው። ሬዲዮ ፊቱን አዞረ። ሐኪሙ ቀጭን መርፌ አወጣና፣ "ዓይንሽን ጨፍኚ፤ ስነካሽ የትኛው እንደሆነ ንገሪኝ" አላት።

ጨፈነች። "አውራ" አለች።

ሐኪሙ ገና አልነካትም ነበር። መርፌውን በአየር ላይ እንደያዘ ወደ ዋናዋ ቀና አለ።

"አመልካች" አለች ጉንዳን። "የመሃል።" ማንም አላስቆማትም። እስከ ትንሿ ጨረሰች፤ ከዚያ ዓይኗን ገልጣ ፊታችንን አየች።

ሐኪሙ፣ የአንዳንዱ ስሜት ሊመለስ ይችላል፣ የሁሉም ግን አይመስለኝም አለ። ዋናዋ የዛሬውን ሙከራ ሰረዘች። "ልብሱን አውልቁላት" አለች። ረጅሙ አልተንቀሳቀሰም፤ ፊቱ ላይ ምንም ደስታ አላየሁም።

ልብሱን እኔ እንዳላወልቅላት ዋናዋ በእጇ ከለከለችኝ። ሌሎቹ ሲያወልቁላት በሩ አጠገብ ቆሜ አየሁ። የራሷን ልብስ ለበሰች። ጫማዋን አጠለቀች። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ማሰሪያውን ለመያዝ ሞከረች፤ ከጣቶቿ መሃል አመለጣት፤ ደግማ ሞከረች፤ አመለጣት። ሄጄ ፊቷ ተንበረከክኩ። እግሯን ሳበች።

"ተዪው" አለችኝ።

ተነስታ ወጣች። በግቢው በር፣ በአውቶቡስ ማቆሚያው በኩል፣ አውቶቡሱን አልፋ በእግሯ ወደ ቤት መንገድ ጀመረች። ሁለቱም ማሰሪያዎች መሬት ለመሬት ይጎተታሉ። እኔም ከኋላዋ ሄድኩ፤ አልቀደምኳት፣ አልጠራኋት። እንዳትረግጣቸው እግሯን እግሯን እያየሁ እስከ ቤት ድረስ ሄድኩ።